አውሮፕላኑ መሬት ላይ እያለ፦ ለአዲስ ረዳት አብራሪ ደረጃ በደረጃ

በአቪዬሽን ታሪክ በአንድ አደጋ ብዙ ሰው ያለቀው ሰማይ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ነው። ማርች 27 ቀን 1977 በስፔን ቴነሪፍ ደሴት፣ ሎስ ሮዴዎስ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች፣ የኬኤልኤምና የፓን አም፣ በጉም ውስጥ አንድ መንደርደሪያ ላይ ተላተሙ። 583 ሰዎች ሞቱ። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መሬት ላይ ሳሉ አየር ላይ የማያገኙት ዕድል በእጅዎ ነው፤ ማቆም ይችላሉ። ፍሬን ይይዛሉ፣ ይጠይቃሉ፣ እንደገና ያነባሉ። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል በሙሉ ይህን ዕድል በጊዜው ለመጠቀም የተዘጋጀ ነው። የአየር መንገድዎ መመሪያና የአውሮፕላኑ ማኑዋል ከዚህ ጽሑፍ ይቀድማሉ። ከእነሱ የሚለይ ነገር ካዩ የእነሱን ይከተሉ።

የሚያስፈልግዎት፦ ቼክሊስት፣ ወቅታዊ የአውሮፕላን ማረፊያ ካርታ፣ ኖታም፣ ሎድሺት፣ እስክሪብቶና ወረቀት፣ የእጅ ባትሪ፣ አንጸባራቂ ሰደርያ።

ደረጃ 1፦ አውሮፕላኑን ይዙሩ

ከአፍንጫው ይጀምሩ፤ በአንድ አቅጣጫ ዞረው እዚያው አፍንጫው ላይ ይጨርሱ። መሀል ላይ ሰው ካስቆመዎት ያነጋግሩት፤ ከዚያ ካቋረጡበት ቦታ ጥቂት ወደኋላ ተመልሰው ይቀጥሉ።

ቀይ ሪባን ያላቸው መሸፈኛዎችና ፒኖች በሙሉ መነሳታቸውን ይዩ። ፒቶ ቲዩቡን በእጅዎ አይንኩ፤ ማሞቂያው በርቶ ከሆነ ያቃጥላል። የስታቲክ ፖርቶቹን ቀዳዳዎች ባትሪ አብርተው ከቅርብ ይመልከቱ። በላያቸው ፕላስተር፣ ቀለም ወይም ጭቃ መኖር የለበትም። ኦክቶበር 2 ቀን 1996 ከሊማ የተነሳው የኤሮፔሩ በረራ 603 ሲታጠብ ስታቲክ ፖርቶቹ ላይ የተለጠፈው ፕላስተር ሳይነሳ ቀርቶ ነበር። አብራሪዎቹ በሌሊት፣ ባሕር ላይ፣ ከፍታቸውንም ፍጥነታቸውንም በትክክል የሚነግራቸው መሣሪያ አጡ። 70 ሰዎች ሞቱ። ያ ፕላስተር መሬት ላይ በጣት የሚላጥ ነበር።

ደረጃ 2፦ ወንበርዎን ያስተካክሉ

ፔዳሉን እስከ መጨረሻው መርገጥ መቻልዎን ይሞክሩ። ቀበቶዎን ይሰሩ። ቼክሊስቱን እጅዎ በሚደርስበት ቦታ ያስቀምጡ።

ደረጃ 3፦ ኖታሙን ካርታው ላይ ያስፍሩ

ኖታም አንብቦ ማለፍ አይበቃም። የተዘጋውን ታክሲዌይ፣ የማይበራውን መብራት፣ የተዘጋውን መንደርደሪያ አንድ በአንድ ካርታው ላይ ምልክት ያድርጉባቸው። ታብሌት የሚጠቀሙ ከሆነ እዚያው ላይ ይሳሉ። ከዚያ አቲስ ያዳምጡና በሥራ ላይ ያለውን መንደርደሪያ፣ ነፋሱንና የአየር ግፊቱን ይጻፉ።

አንድ ጥንቃቄ፦ ትላንት ያወቁት ማረፊያ ዛሬ ተለውጦ ሊሆን ይችላል። ግንባታ ባለበት ማረፊያ ካርታዎና መሬቱ ላይስማሙ ይችላሉ። ሲጠራጠሩ መሬት ላይ ያለውን ሰሌዳ ይመኑ፤ ሰሌዳውም ግራ ካጋባዎት ተቆጣጣሪውን ይጠይቁ።

ደረጃ 4፦ ስሌቱን ሁለታችሁም ለየብቻ ሥሩ

የመነሻ ፍጥነቶቹን፣ የፍላፕ ቁጥሩንና የሞተር ኃይሉን ከካፒቴኑ ሳይቀዱ በራስዎ ያስሉ። ሲጨርሱ ውጤቱን ያነጻጽሩ። ካልተስማማ ትክክል የሚመስለውን አይምረጡ፤ ሁለታችሁም ከሎድሺቱ ጀምራችሁ እንደገና አስሉ።

ከዚያ ቁጥሩን በልምድዎ ይመዝኑ። ይህ አውሮፕላን ይህን ያህል ሰውና ነዳጅ ጭኖ ይህ ክብደት ይሆናል? ማርች 20 ቀን 2009 ከሜልቦርን የተነሳው የኤሚሬትስ በረራ 407 ክብደቱ 362.9 ቶን ሲሆን ኮምፒውተሩ ላይ የገባው 262.9 ነበር። በአንዲት አኃዝ 100 ቶን ጠፋ። አውሮፕላኑ ጭራውን መሬት ላይ እየጎተተ፣ መንደርደሪያውን ጨርሶ ተነሳ። ተመልሶ በሰላም ማረፉ የቀና ዕድል ነው።

ከቦሌ የሚነሱ ከሆነ ይህን ደረጃ አጥብቀው ይያዙት። ቦሌ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ የሚሰጠው ኃይል ይቀንሳል፣ መንደርደሩም ይረዝማል። በባሕር ጠረፍ ማረፊያ ጥቂት ሜትር የሚያስከፍል የስሌት ስህተት እዚያ ብዙ ያስከፍላል።

ደረጃ 5፦ የመሬት ጉዞውን ይመካከሩ

ብዙዎች ስለ መነሳቱ ይመካከሩና ስለ መሬት ጉዞው ዝም ይላሉ። እርስዎ ይናገሩ። ጣትዎን ካርታው ላይ አሳርፈው ከቆማችሁበት እስከ መንደርደሪያው ያለውን መንገድ ይከተሉ። በየትኛው ታክሲዌይ ትወጣላችሁ? የትኛውን መንደርደሪያ ታቋርጣላችሁ? ካርታው ላይ ሆት ስፖት ተብሎ የተከበበ ቦታ አለ? ካለ ስሙን ጠርተው ምን እንደሚያሳስት ይናገሩ።

በጉም ወይም በሌሊት ከሆነ አንድ ነገር ይጨምሩ፦ "ቦታችን ከጠፋብን እናቆማለን፣ ለግራውንድ እንናገራለን።" ኦክቶበር 8 ቀን 2001 ሚላን ሊናቴ ላይ አንዲት ትንሽ ሴስና ጄት በጉም ውስጥ በታክሲዌይ አር 5 ሂጂ ተብላ በአር 6 ሄደች። ሳታውቀው ሊነሳ የሚንደረደር የኤስኤኤስ አውሮፕላን ፊት ገባች። 118 ሰዎች ሞቱ።

ደረጃ 6፦ የማቆሚያውን ቃል አስቀድመው ይስማሙ

ይህ ደረጃ ከሁሉ ይከብዳል፤ በእኛ አስተዳደግ ደግሞ የበለጠ ይከብዳል። ታላቅን መሀል ገብቶ ማረም ነውር ነው ተብለን አድገናል። ካፒቴኑ አስተማሪዎ፣ በዕድሜ አባትዎ ሊሆን ይችላል። አክብሮትዎን አይጣሉ፤ ቃሉን ግን ዛሬ፣ በረጋ ሰዓት፣ ሞተር ሳይነሳ ይስማሙ። እንዲህ ይበሉ፦ "ካፒቴን፣ አንድ ነገር ካየሁ 'ያቁሙ' እላለሁ። እርስዎ ያቆማሉ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።" ደህና ካፒቴን ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል።

ጊዜው ሲደርስ በጥያቄ መልክ አይጠቁሙ። "ይሄ ነገር ትክክል ነው እንዴ?" ማለት ለማለፍ ምቹ ነው። ቴነሪፍ ላይ የኬኤልኤሙ የበረራ መሐንዲስ የፓን አሙ አውሮፕላን ከመንደርደሪያው አልወጣ እንደሆነ ጠየቀ። ካፒቴኑ እንደወጣ በእርግጠኝነት መለሰ። ጥያቄው እዚያው ሞተ፤ አውሮፕላኑም መንደርደሩን ቀጠለ።

ስለዚህ አጭርና ግልጽ ይሁኑ፦ "ካፒቴን፣ ያቁሙ። ፈቃድ የለንም።"

ካፒቴን ከሆኑ ደግሞ ይህን ቃል ራስዎ ይጀምሩት። ወጣቱ እስኪጠይቅዎ አይጠብቁ።

ደረጃ 7፦ ፑሽባክ

በሮች መዘጋታቸውን ያረጋግጡ። መሬት ላይ ሆኖ በሄድሴት ከሚያናግርዎ ሰውዬ ጋር ተነጋግረው ፓርኪንግ ብሬኩን እሱ ሲል ይልቀቁ፣ እሱ ሲል ይያዙ። ሞተር ከማስነሳትዎ በፊት ከኋላና ከጎን ሰው አለመኖሩን እሱ ያረጋግጥልዎ።

ከዚያ ይጠብቁ። ሰውዬው ሄድሴቱን ነቅሎ፣ ከአፍንጫ ጎማው የነቀለውን ባለ ቀይ ሪባን ፒን ከፍ አድርጎ አሳይቶ፣ አውራ ጣቱን እስኪያነሳልዎ አይንቀሳቀሱ። ፒኑን በዓይንዎ ካላዩ የአፍንጫ ጎማው መሪ እንደሚሠራ አያውቁም፤ ሰውዬውም ገና ጎማው ሥር ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 8፦ የበረዶ መከላከያውን እንደ አየሩ ይወስኑ

የውጭውን ሙቀት ያንብቡ። እርጥበት ካለና ሙቀቱ ማኑዋልዎ ካስቀመጠው በታች ከሆነ የሞተሩን አንቲ አይስ ያብሩ። ሁልጊዜ በሞቃት አገር የሚበር ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ አፉ "ኦፍ" ማለት ለምዷል። ጃንዋሪ 13 ቀን 1982 ዋሽንግተን ላይ የኤር ፍሎሪዳ በረራ 90 በበረዶ ውሽንፍር መሀል ሆኖ ቼክሊስቱ ሲነበብ የተሰጠው መልስ "ኦፍ" ነበር። የሞተሩን የግፊት መለኪያ ጫፍ በረዶ ዘጋው። ጌጁ ከእውነተኛው በላይ ኃይል አሳየ። ረዳት አብራሪው በመንደርደር ላይ ሳሉ ልክ አይደለም ብሎ ደጋግሞ ተናገረ፤ አልቆሙም። አውሮፕላኑ ከድልድይ ተላትሞ ፖቶማክ ወንዝ ገባ። 78 ሰዎች ሞቱ።

በዚህ ደረጃ የሚጠበቅብዎት አንድ ነገር ነው፦ መልሱን ከመስጠትዎ በፊት በመስኮት ወደ ውጭ ይመልከቱ።

ደረጃ 9፦ ፍላፕ ያውጡ

እዚህ ላይ ቀስ ይበሉ። ፍላፕና ስላት ሳይዘረጉ አውሮፕላኑ በተሰላው ፍጥነት ከመሬት አይላቀቅም፤ ቢላቀቅም አይዘልቅም።

በመጀመሪያ ቁጥሩን ከስሌቱ ላይ አንብበው ጮክ ብለው ይናገሩ። ከዚያ እጅዎን ሌቨሩ ላይ ያድርጉ። አጠገቡ ሌላ ሌቨር አለ፤ የያዙት ፍላፑን መሆኑን በዓይንዎ ያረጋግጡ። ወደ ቁጥሩ ይሳቡትና ጎድጎዱ ውስጥ ገብቶ ሲቀመጥ በእጅዎ ይሰማዎት። እጅዎን እዚያው አቆይተው ዓይንዎን ወደ ጠቋሚው ይውሰዱ። ጠቋሚው መንቀሳቀስ ሲጀምር ይዩት፣ ሲቆምም ይዩት። በመጨረሻ ሦስቱን ያስተያዩ፦ የስሌቱ ቁጥር፣ የሌቨሩ ቦታ፣ የጠቋሚው ንባብ። ሦስቱ አንድ ካልሆኑ አውሮፕላኑ አይንቀሳቀስም።

ቼክሊስቱ ላይ "ፍላፕ" ሲባል ደግሞ ይህንኑ በዓይንዎ ይድገሙት። መልስዎ ከጠቋሚው ይምጣ፤ ከምላስዎ አይምጣ። ኦገስት 31 ቀን 1988 ዳላስ ፎርትወርዝ ላይ የተከሰከሰው የዴልታ በረራ 1141 የኮክፒት ድምፅ መቅጃ ሲሰማ፣ ፍላፕ ሲጠየቅ ትክክለኛው መልስ ተሰጥቷል፦ 15፣ 15፣ አረንጓዴ መብራት። ፍላፑ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም ነበር። 14 ሰዎች ሞቱ። ያ መልስ በሺህ በረራ የተለመደ መልስ ነበር፤ የዚያን ቀን ጠቋሚውን ያየ ሰው ግን አልነበረም።

ማስጠንቀቂያው ይጮኽልኛል ብለውም አይተማመኑ። ፍላፕ ሳይወጣ ኃይል ሲሰጥ የሚጮኸው መሣሪያ ዴልታ 1141 ላይ አልሠራም። ኦገስት 16 ቀን 1987 ዲትሮይት ላይ 156 ሰዎች በሞቱበት የኖርዝዌስት በረራ 255 ላይ አልጮኸም። ኦገስት 20 ቀን 2008 ማድሪድ ላይ 154 ሰዎች በሞቱበት የስፓንኤር በረራ 5022 ላይም አልጮኸም። መሣሪያው ዝም ማለቱ ምንም ማረጋገጫ አይሆንም።

ደረጃ 10፦ መሪውን እስከ ጫፍ ያንቀሳቅሱ

ወደ ግራ እስከ መጨረሻው። ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው። ወደፊት፣ ወደኋላ። ከዚያ ፔዳሎቹን። በየአንዳንዱ እንቅስቃሴ ስክሪኑ ወይም ጠቋሚው አብሮ መሄዱን ይዩ። ግማሽ መንገድ ሄደው አይመልሱ፤ የሚያዘው ነገር ካለ የሚታወቀው ጫፍ ላይ ነው።

ሜይ 31 ቀን 2014 ቤድፎርድ፣ ማሳቹሴትስ ላይ አንድ ገልፍስትሪም ጄት የነፋስ መከላከያ ቁልፉ ሳይለቀቅ ለመነሳት ተንደረደረ። መሪው አልታዘዘም። ሰባት ሰዎች ሞቱ። መርማሪዎች የአውሮፕላኑን መቅጃ ወደኋላ ሄደው ሲያዩ፣ ካለፉት 175 መነሳቶች በ98 ከመቶው ይህ ፍተሻ በሙሉ አልተደረገም ነበር። ቼክሊስት ራሱ የተፈጠረው በዚህ ዓይነት ጥፋት ሰበብ መሆኑ ያሳዝናል፦ ኦክቶበር 30 ቀን 1935 ራይት ፊልድ ላይ የቦይንግ ሞዴል 299 ቦምብ ጣይ የተከሰከሰው ይኸው ቁልፍ ተረስቶ ነው።

ደረጃ 11፦ የታክሲ ፈቃዱን ጽፈው ይመልሱ

ግራውንድ ሲናገር ይጻፉ። በቃል አይያዙ። ከዚያ ቃል በቃል ይድገሙለት፤ በተለይ የመንደርደሪያውን ቁጥር፣ የት እንደምትቆሙ፣ የትኛውን እንድታቋርጡ እንደተፈቀደ። የበረራ ቁጥርዎን ሳያሳጥሩ ይጨምሩ። ከመንቀሳቀስዎ በፊት ካፒቴኑም የሰማውን ይናገር። ሁለታችሁ የሰማችሁት ከተለያየ እንደገና ይጠይቁ። ለመጠየቅ ማፈር አያስፈልግም፤ ተቆጣጣሪውም ጥያቄውን ከስህተቱ ይመርጣል።

"መጀመሪያ ተራ ላይ ነህ" የሚል ቃል ፈቃድ አይደለም። ጃንዋሪ 2 ቀን 2024 ቶኪዮ ሃኔዳ ላይ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ አውሮፕላን "ቁጥር አንድ" ተብሎ እስከ መጠበቂያው ሲ 5 እንዲሄድ ተነገረው። መንደርደሪያው ውስጥ ገብቶ ቆመ። በማረፍ ላይ የነበረ የጃፓን አየር መንገድ ኤርባስ ገጨው። ከኤርባሱ 379ኙም ሰዎች አምልጠው ወጡ፤ ከጠረፍ ጥበቃው ስድስት ሰዎች ግን አምስቱ ሞቱ።

ደረጃ 12፦ ወሬ ያቁሙ

አውሮፕላኑ መንቀሳቀስ ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ ከሥራው ውጭ የሆነ ነገር አይነሳ። የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ይህን በ1981 ደንብ አድርጎታል፤ መሬት ላይ ያለው ጉዞ፣ መነሳት፣ ማረፍና፣ ከክሩዝ በረራ በቀር፣ ከ10,000 ጫማ በታች ያለው በረራ ይካተታል። ካፒቴኑ ጨዋታ ካመጣ በጨዋነት ያቆዩት፦ "ከተነሳን በኋላ ይንገሩኝ።" የበረራ አስተናጋጅ ከመጣ የደህንነት ጉዳይ መሆኑን ይጠይቁ፤ ካልሆነ ይቆይ።

አንዳችሁ ሁልጊዜ ወደ ውጭ ተመልከቱ። ኮምፒውተሩ ላይ መጻፍ ካለብዎት "ዓይኔን አወርዳለሁ" ይበሉ። ሁለታችሁም ራሳችሁን ማቀርቀር ካለባችሁ መጀመሪያ ቁሙ፣ ፓርኪንግ ብሬኩን ያዙ።

ደረጃ 13፦ ከተቋረጡ ወደኋላ ይመለሱ

ስህተት በተሟላ ሥራ ውስጥ ብዙም አይገባም። የሚገባው በተቋረጠው በኩል ነው።

ኖርዝዌስት 255 ታክሲ ላይ ሳለ መንደርደሪያው ተለወጠበት። አብራሪዎቹ ስለ አዲሱ መንደርደሪያ ስሌት እያዩ መታጠፊያቸውን ሳቱ። በዚህ ሁሉ መሀል የታክሲ ቼክሊስቱን የጠራ ሰው አልነበረም። ስፓንኤር 5022 ደግሞ በአንድ የተበላሸ የሙቀት መለኪያ ምክንያት ወደ ማቆሚያው ተመልሶ ዘግይቶ ነበር። ሞተር ካስነሱ በኋላ ቼክሊስቱ ፍላፕ ላይ ሲደርስ ካፒቴኑ ረዳቱን የታክሲ ፈቃድ እንዲጠይቅ አዘዘው። ያ የቀረ አንድ መስመር ተመልሶ አልተነበበም።

ስለዚህ ሬዲዮ፣ አስተናጋጅ፣ የመንደርደሪያ ለውጥ፣ የቴክኒክ ችግር፣ ምንም ነገር ቼክሊስቱን ካቋረጠዎት፣ "ቼክሊስት ተቋርጧል" ብለው ጮክ ባለ ድምፅ ይናገሩ። ጉዳዩን ይጨርሱ። ከዚያ ያንን ቼክሊስት ከመጀመሪያው መስመር ይጀምሩ። ካቆሙበት ለመቀጠል አይሞክሩ፤ ካቆሙበት የሚመስልዎትና በእርግጥ ያቆሙበት መስመር ላይገናኙ ይችላሉ። ከላይ መጀመር ግማሽ ደቂቃ ይፈጃል።

መንደርደሪያው ከተለወጠ ይህ አይበቃም። ቆመው ስሌቱን ከደረጃ 4፣ ምክክሩን ከደረጃ 5 ይድገሙ። ወደ ማቆሚያው ተመልሰው ከነበረ ደግሞ ሁሉንም እንደ አዲስ በረራ ይቁጠሩት። ተራው ያልፈናል ብለው አይፍሩ፤ ተራ ይመለሳል።

ደረጃ 14፦ ቢጫው መስመር ላይ ይቁሙ

መንደርደሪያው መግቢያ ላይ መሬቱ ላይ አራት ቢጫ መስመሮች አሉ፤ ሁለቱ ድፍን፣ ሁለቱ የተቆራረጡ። ድፍኑ በእርስዎ በኩል ከሆነ ፈቃድ ሳያገኙ አያልፉም። አፍንጫዎም አይሻገር። ቀይ የስቶፕ ባር መብራት ከበራ ደግሞ "ግባ" ቢባሉም አይሻገሩ፤ መብራቱ እንዲጠፋ ይጠይቁ።

ደረጃ 15፦ ከመግባትዎ በፊት ግራና ቀኝ ይዩ

እርስዎ በቀኝ መስኮት፣ ካፒቴኑ በግራ። የሚያርፍ አውሮፕላን አለ? የቲካሱን ስክሪን ይመልከቱ። ሬዲዮ ላይ ለዚህ መንደርደሪያ የተነገረ ሌላ ስም ሰምተዋል? "በቀኝ ነጻ" ይበሉ፤ "በግራ ነጻ" ይስሙ። ሲገቡ የስትሮብ መብራቱን ያብሩ።

ደረጃ 16፦ የቆሙበት መንደርደሪያ የእርስዎ መሆኑን ያረጋግጡ

የመንደርደሪያ ቁጥር አቅጣጫው ነው። 22 ማለት ወደ 220 ዲግሪ ማለት ነው። የቦሌ 07 ወደ 70 ዲግሪ ያያል፣ 25 ወደ 250። ስለዚህ ቀላል ነው፦ መጀመሪያ መግቢያው ላይ ያለውን ቀይ ሰሌዳ ያንብቡ። ከዚያ መሬቱ ላይ የተጻፈውን ትልቅ ቁጥር ያንብቡ። ከዚያ አውሮፕላኑ መስመሩ ላይ ሲቃና ኮምፓሱን ያንብቡ። ሦስቱን ከፈቃዱ ጋር አስተያይተው ጮክ ብለው ይናገሩ፦ "መንደርደሪያ 25 ቀኝ፣ 250፣ ትክክል።" ትይዩ መንደርደሪያዎች ባሉበት ኮምፓስ ብቻውን አይለያቸውም፤ ግራና ቀኙን ከሰሌዳው ያረጋግጡ።

ኦገስት 27 ቀን 2006 ገና ሳይነጋ፣ ኬንታኪ ሌክሲንግተን ላይ የኮምኤር በረራ 5191 ከ22 እንዲነሳ ተፈቅዶለት 26 ላይ ተቃና። 22 ከ2,100 ሜትር ይበልጣል፤ 26 ከዚያ በግማሽ ያጠረ ነው። ኮምፓሱ 40 ዲግሪ ያህል ልዩነት ያሳይ ነበር። በመንደርደር ላይ ረዳት አብራሪው መብራት አለመኖሩ እንግዳ ነገር እንደሆነ ተናገረ፤ ካፒቴኑ ተስማማ። ሁለቱም አይተዋል ማለት ነው። ካሉት 50 ሰዎች 49ኙ ሞቱ።

ኦክቶበር 31 ቀን 2000 ታይፔ ላይ የሲንጋፖር አየር መንገድ በረራ 006 በአውሎ ነፋስ ዝናብ ውስጥ፣ በ05 ግራ ፈንታ ለግንባታ በተዘጋው 05 ቀኝ ላይ ተንደርድሮ ከግንባታ ማሽኖች ጋር ተጋጨ። 83 ሰዎች ሞቱ። ልምድ ያላቸው ሦስት አብራሪዎች ኮክፒቱ ውስጥ ነበሩ።

እንግዳ ነገር ካዩ፣ መብራት ከጎደለ፣ ስፋቱ ከጠበበብዎ፣ ኮምፓሱ ካልገጠመ፣ የደረጃ 6ን ቃል ይጠቀሙ።

ደረጃ 17፦ የመነሻ ፈቃዱን በጆሮዎ ይስሙ

ቴነሪፍ ላይ የኬኤልኤም ካፒቴን የሰማው የመንገድ ፈቃድ እንጂ የመነሻ ፈቃድ አልነበረም። ማማው "ቆይ" ሲለውና ፓን አም ገና መንደርደሪያው ላይ ነኝ ሲል ሁለቱ ድምፆች ሬዲዮ ላይ ተደራረቡ፤ ኬኤልኤም ኮክፒት ውስጥ የደረሰው ጩኸት ነበር። ከዚያ በኋላ "ቴክኦፍ" የሚለው ቃል ፈቃድ ሲሰጥና ሲሰረዝ ብቻ እንዲነገር ተደረገ። እርስዎም ይህን ቃል ሬዲዮ ላይ በሌላ ቦታ አይጠቀሙበት፤ "ዲፓርቸር" ይበሉ።

ፈቃዱን ሲሰሙ የበረራ ቁጥርዎ፣ የመንደርደሪያው ቁጥርና "ክሊርድ ፎር ቴክኦፍ" የሚለው ቃል ሦስቱም መኖራቸውን ያረጋግጡ። አንዱ ከጎደለ፣ ወይም ድምፁ ከተቆራረጠ፣ "እባክዎ ይድገሙት" ይበሉ። ካፒቴኑ ትሮትሉን ቢነካም ይበሉ።

ደረጃ 18፦ ኃይል ሲሰጥ ጌጆቹን ይዩ

ሞተሮቹ እኩል ይምጡ። ኃይሉ ከተሰላው ጋር ይግጠም። የፍጥነት መለኪያው ይንቀሳቀስ። በዚህ ቅጽበት ማስጠንቀቂያ ቢጮኽ አሁኑኑ ያቁሙ፤ ሐሰተኛ ነው ብለው አይገምቱ። ኦገስት 31 ቀን 1999 ቦነስ አይረስ ላይ የላፓ በረራ 3142 ማስጠንቀቂያው እየጮኸ ተንደረደረ። ፍላፑ አልወጣም ነበር። 65 ሰዎች ሞቱ።

በዝቅተኛ ፍጥነት ካቆሙ ከመንደርደሪያው ይውጡ፣ ፓርኪንግ ብሬኩን ይያዙ፣ ማማውን ያሳውቁ፣ ቼክሊስቱን ከመጀመሪያው ያንብቡ። ከዚያ ያጋጠመዎትን ዛሬውኑ ሪፖርት ያድርጉ፦ የሚያሳስት ሰሌዳ፣ የጠፋ መብራት፣ ካርታው ላይ የሌለ ግንባታ፣ በስህተት ሊገቡበት የነበረ ታክሲዌይ። ምንም ስላልደረሰ አይተዉት። በዚያው መንገድ ነገ ጠዋት ሌላ አውሮፕላን ያልፋል።